የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ታሪክ ከመዝገብ ቤት እንዴት እንዳወጣነው

የትምህርት ቤቱን ታሪክና እሴት የመጻፍ ሥራውን የጀመርነው ከግድግዳ ነበር፤ አልጠቀመንም። በአስተዳደር ሕንፃው በር ላይ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ የቡድን ሥራ ይላል። ወረዳ ጽሕፈት ቤትም ጤና ጣቢያም ብትሄዱ ያው ነው። አንድ የሰፈር የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምን ዋጋ ይሰጥ እንደነበር የሚናገረው መዝገብ ቤቱ ነው።

መጀመሪያ ዘመኑን አጠራን። «መቼ ተመሠረተ?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለ፦ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለበት፣ ትምህርት የተጀመረበትና የአሁኑ ስም የወጣበት። ሦስቱንም ለየብቻ ጽፈን፣ ለልደት በዓሉ ትምህርት የተጀመረበትን ወሰድን። ድንጋዩ ላይ ያለው የግዕዝ ቁጥር ሲያረጅ የላይና የታች ሰረዙ ይቀርና መሃሉ ይጠፋል፤ ያኔ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ጠመኔ አትቀቡት። ሲመሽ ባትሪ ከጎን፣ ለድንጋዩ አስጠግታችሁ አብሩበት፤ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ሌላ ወጥመድ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይቀነሳል። መጋቢት 1962 በፈረንጅ ማለት የእኛ 1954 ነው፤ ጥቅምት 1962 ደግሞ 1955። ሁሉንም 8 እየቀነሰ የጻፈ ሰው አንድ ዓመት ያዛንፋል፤ የእኛም የመጀመሪያ ረቂቅ እንደዚያው ነበር።

ስም የተለወጠበትን ጊዜ ለማወቅ ማኅተም ተከተሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የንጉሣውያን ስም የነበራቸው ብዙ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ተቀይሯል፤ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ እንደተባለው። ግን አዲስ ማኅተም እስኪቀረጽ በአሮጌው ይመታ ስለነበር፣ የተማሪ ካርድ ላይ ያለው ማኅተም ከደብዳቤው ዘግይቶ ነው የሚቀየረው። ቀኑን ከደብዳቤው ውሰዱ። ዴስኩና ደወሉ መቼ እንደመጡ ደግሞ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይገኛል፤ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋን በትሕትና ብትጠይቋት አውጥታ ታሳያችኋለች። ሰው የሚረሳውን ሞዴል 19 አይረሳም።

ከሁሉ በላይ ጊዜያችንን የበላው ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች የዓመት ውጤት መዝገብ ነው። 8 ክፍል በ4 ምድብ፣ በ50 ዓመት ቢባዛ 1,600 ሮስተር ይሆናል። ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ፎቶ አይነበብም። ግራውንና ቀኙን ለየብቻ አንሱ፤ ግን ቀኙ ላይ አማካይና ደረጃ እንጂ ስም የለም። ተራ ቁጥር የተጻፈበት የወረቀት ቁራጭ በጎን ካልደረባችሁ የማን ውጤት እንደሆነ አይታወቅም፤ እኛ ይህን ሳናውቅ ያነሳነውን በሙሉ ደግመናል። ፍላሽ አታብሩ፣ መስኮት አጠገብ ይበቃል። የዛገ ስቴፕል ቀስ ብሎ ይነቀል፤ የተቀደደ ወረቀት በፕላስተር አይለጠፍ፣ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይበላል። ምስጥ የነካው ጥራዝ ከሌላው ጋር አይቀመጥም።

ቆጠራው ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። የየዓመቱን ተማሪ ደምሮ «ይህን ያህል ሺህ ልጅ አስተምረናል» ማለት አንዱን ልጅ ስምንት ጊዜ መቁጠር ነው፤ ደጋሚ ከሆነም ዘጠኝ። መቆጠር ያለባቸው አዲስ 1ኛ ክፍል የገቡና ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውረው የመጡ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ፊደል ነው፦ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለኤክሴል ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከፍታችሁ ሁሉንም በአንድ ሀ፣ በአንድ ሰ፣ በአንድ ጸ፣ በአንድ አ ጻፉ፤ ዋናው አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቆይ።

ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አትበሉ። «አባባ፣ ሚኒስትሪ ሲወስዱ ብሩ ተቀይሮ ነበር?» ብትሏቸው ከ1969 በፊት ወይም በኋላ መሆኑ ይለያል። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻና በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ጥሩ ችንካር ናቸው። ሁለት የክፍል ጓደኞችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ይበልጣል፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው «ኧረ ተው!» ይላል።

አሁን ወደ እሴቱ። የወላጅ ኮሚቴና የመምህራን ቃለ ጉባኤዎችን በአንድ ጥያቄ ብቻ አነበብናቸው፦ ገንዘብ ወይም ቦታ ሲጠብ ማን ይቅደም ተባለ? አንድ ውሳኔ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ርዕሳነ መምህራን ዘመን ካልተደገመ እሴት ብለን አልጻፍነውም፤ የአንድ ሰው ደግነት ሊሆን ይችላላ። በዚህ ወንፊት ያለፉት ሁለት ናቸው። ደብተርና ዩኒፎርም ያጣ ልጅ ከክፍል አይመለስም። አጥር ሲፈርስ ገንዘብ የሌለው ወላጅ በጉልበቱ ይሠራል፣ ስሙም ከከፈሉት ጋር እኩል ይመዘገባል። «ግልጽነት» አላለፈም፤ ሰሌዳው ላይ ግን አሁንም አለ።

አለንጋውና ማንበርከኩም መዝገቡ ላይ አለ። ከታሪኩ እንዲሰረዝ የጠየቁ ነበሩ፣ እኛ እንዳለ ተውነው፤ የተቀጡትን ልጆች ስምና ማንኛውንም ውጤት ግን አላተምንም።

ረቂቁን በወላጆች ቀን በር ላይ ለጥፈን እርሳስ በክር አሰርንበት። ከጽሑፉ ይልቅ የታረመው የፎቶዎቹ ሥር ያለው ስም ነው፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አራት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ትተናል።