ከስፌት መኪናው በፊት መቀሱ

ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ባሏ ለሞተባት ወይም ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት የስፌት ሥልጠና ሲታሰብ መጀመሪያ የሚገዛው መኪናው ነው። መኪናው የግድ ያስፈልጋል፤ እንጀራው ግን ያለው መቀሱ ላይ ነው። መስፋት ብቻ የምትችል ሴት የሚቆርጥላትን ሰው ትጠብቃለች። ለክታ፣ ቆርጣ የምትሰፋ ግን ደንበኛዋን ራሷ ትቀበላለች። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዓይነት ቦታ ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ አንዷ እጅጌ፣ ሌላዋ ኮሌታ ትሰፋለች። ቤቷ ሆና ለምትሠራ ይህ አይበቃም፤ ሙሉ ልብስ ማውጣት አለባት።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ክር ይሁኑ። ወረቀት ላይ መስመር፣ ማዕዘንና ክብ ተስሎ በባዶ መርፌ ይሰፋ። በእግር መኪና ጀማሪን የሚያስቸግራት እጇ ሳይሆን እግሯ ነው፤ መዘውሩ፣ ማለትም በመኪናው ቀኝ ያለው ጎማ፣ ወደ ኋላ ሲዞር ክሩ ይተበተባል፣ ይበጠሳል። መዘውሩን በእጇ ወደ ራሷ ስባ ካስነሳች በኋላ ትርገጥ።

ቀጥሎ አቡጀዲ። ጥጥ ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ አይቆረጥ። ለመጀመሪያ ሥራ 50 በ70 ሳ.ሜ. የሆነ የትራስ ልብስ ጥሩ ነው፤ 53 በ166 ይቆረጣል። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች እያንዳንዳቸው በ3 ሳ.ሜ. ይቀመቀማሉ፣ 160 ይቀራል። ፊቱን ወደ ላይ ዘርግታ ከአንዱ ጫፍ 70 ታጥፋለች፣ ከሌላው ጫፍ የቀረውን 20 በላዩ ትመልሳለች፣ ሁለቱን ጎን በ1.5 ሳ.ሜ. ሰፍታ ትገለብጠዋለች። ስፋቱ 150 ከሆነ ጨርቅ ሁለት ይወጣል፤ 44 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ትራፊም ለሕፃን ልብስ ይሆናል። ስለ ትርፍ ማስተማር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከጨርቁ ሥር ክሩ ቀለበት እየሠራ ከተንዛዛ፣ ብዙዎች የታችኛውን ክር ይነካካሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ ጨርቅ የሚረግጠው እግር ወርዶ ሳለ የላይኛው ክር ከገባ ማጥበቂያው ክሩን አይይዘውም። የታችኛው ክር ወደ ላይ ከወጣ ደግሞ የላይኛው ጠብቋል። ስፌት የሚዘል ከሆነ መርፌው ጎብጧል ወይም ተገልብጦ ገብቷል፤ ክር የሚገባው ረጅሙ ቦይ ባለበት ጎን ነው። ለስስ ጨርቅ 11፣ ለአቡጀዲና ለቴትሮን 14፣ ለካኪ 16 ቁጥር መርፌ ይበቃል። የምግብ ዘይት በፍጹም አይቀባ፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ መኪናውን ያከብደዋል።

ዩኒፎርም የሚታዘዘው ትምህርት ሊከፈት ሲል ስለሆነ ሥልጠናው ቢዘገይ ሚያዝያ ላይ ይጀመር። የቀሚሱን ቅምቅማት 6 ሳ.ሜ. የምትተው ልብስ ሰፊ ደንበኛዋን ታቆያለች፤ ልጅቷ ስታድግ ይፈታል። ባቲ አካባቢ ሰኞ ትምህርት አይያዝ፤ የገበያ ቀን ነው። በሌላው ቀን ሰዓቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ ይሁን፣ ለሚጠቡት ደግሞ ጥግ ይዘጋጅ።

ዋጋ ስትተምን ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕና ኪራይ ብቻ ሳይሆን የራሷን ሰዓትም ደብተር ላይ ትጻፍ። ይህን የማትጽፍ ሴት ቀን ከሌት ሰፍታም የልጆቿን ቀለብ አትሸፍንም።

መኪናው የሚሰጣት አንድ ሰው ለክታ፣ ሙሉ ቀሚስ ያለ ረዳት ስታወጣ ይሁን፤ ከመለዋወጫ መርፌ፣ ከመዘውር ቀበቶና ከስፌት መኪና ዘይት ጋር።