ለራሴ ትንሽ ቅቤ

ከነጭ ሻሽ ላይ እርድ በምን እንደሚለቅ የምታውቁ ካላችሁ ባካችሁ ተባበሩኝ። ሳሙናም ሎሚም ሞክሬያለሁ። ሻሹ የአክስቴ ነው፣ ቢጫ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ። እንዴት ካላችሁ ነገሩ ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ።

የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አባዬ ደም ተመረመረና ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ተባለ። ዶክተሩም ቅቤና ጮማ ቀንስ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ ብሎ ሸኘው። እማዬ ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ባሌ ታመመብኝ ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ወጧ ስለተነካ ነው። «ግማሹን ዓመት ጾመን በቀረችው ቀን ጠብ የምናደርጋትን ቅቤ ቆጠረብን?» አለች። እርግጥ ነው፣ ለምእመን የታዘዘውን ጾም የሚጾም ሰው በዓመት 180 ቀን ገደማ ቅቤ አይነካም። ግን እሷ «ጠብ» የምትላት ነገር ጠብ አይደለችም። እኛ ቤት በፍስክ ቀን ሽሮ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ቅቤው ነው፤ ሽሮው ከሥሩ የሆነ ቦታ አለ።

የነቢያት ጾም ስለገባ እስከ ገና ሁሉም ተረሳ። ገና ሲደርስ ግን አባዬ በቅቤ የሚያብረቀርቅ ዶሮ ወጥ ሲያጣቅስ ሳየው ሆዴ ተረበሸ። ነርስነት የምትማረው እህቴ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላ በጆሮዬ ሂሳብ ትሠራለች። ቅቤ 80 በመቶው ስብ ነው፣ ሲነጠር ውሃው ስለሚተን ንጥሩ ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ስብ ከግማሽ የሚበልጠው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የሚረጋው ዓይነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እሱን በቀን ከምታገኙት ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች አድርጉት ይላል… «ይሄን ለእማዬ ንገሪያት» አልኳት። «አንተ ንገራት» አለችኝ። ሁለታችንም አልነገርናትም።

በድብቅ ልሠራው ወሰንኩ።

እማዬ ሰኞ ገበያ የሄደች ቀን የሱፍ ዘይት ለስ አድርጌ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ነጭ አዝሙድና ትንሽ አብሽ ጨመርኩበት። ቤቱ ቅቤ የተነጠረበት ቤት ሸተተ። በጨርቅ አጠለልኩት። ቀለሙን ብታዩት! እኔው የሠራሁት ሰውዬ ዳቦ ይዤ ልቀርበው ነበር። እማዬ ያነጠረችውን እውነተኛውን ቅቤ ወደ ቆርቆሮ ገልብጬ አልጋዬ ሥር አስገባሁና በሷ ብልቃጥ የኔን ሞላሁበት።

ጠዋት ብልቃጡን ሳየው ደነገጥኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ በጥር ሌሊት ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ቅቤን ድንጋይ ያደርጋል። እማዬ ቅቤ የምታወጣው በማንኪያ ፍቃ ነው፣ አንዱ ማንኪያችን በዚሁ ሥራ ጎብጦ ቀርቷል። የኔ «ቅቤ» ግን ብልቃጡን ዘንበል ሳደርገው ከወዲያ ወዲህ ይዋኛል። ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም።

የሚረጋውን ዘይት ልግዛ ስል እህቴ ሳቀችብኝ። «እሱ እኮ ፓልም ነው፣ ግማሹ ያው አባዬ እንዳይበላ የተባለው ስብ ነው። የሚረጋውስ ለምን ይመስልሃል?» አለች። በመጨረሻ አንድ እጅ እውነተኛ ቅቤ፣ ሁለት እጅ የኔን ዘይት ቀላቅዬ በረንዳ ላይ አሳደርኩት። ረጋ! ላላ ያለ ነው፣ ማንኪያ አያጎብጥም፣ ግን ረጋ። የኖቤል ሽልማት የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ገባኝ።

በዚያ ሰሞን ኬክም ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያው ተሳክቶልኛል፤ ከቅቤው ግማሹን አውጥቼ በቦታው ሙዝ ፈጭቼ አስገባሁ፣ ማንም አላወቀም። ሰው መቼም ሲሳካለት አይቆም፣ ለሁለተኛው ቅቤውን ጨርሼ አስወጣሁና ሊጡን ክንዴ እስኪዝል መታሁት። ለካ ቅቤ ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ዱቄቱን ሸፍኖ ኬኩን እንደ ላስቲክ እንዳይጎተት የሚያደርገውም እሱ ነው። አባዬ ቁራጩን በሁለት እጁ ሳብ፣ ለቀቅ፣ ሳብ፣ ለቀቅ አደረገውና «ለሊስትሮ ብታሳየው ሶል ያደርገዋል» አለ።

ወደ ወጡ ልመለስ። እማዬ የመጀመሪያ ቀን ቀምሳ ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን ብልቃጡን አሸተተች። በሦስተኛው «የዘንድሮ ቅቤ ምን ነካው? ነጋዴው የሆነ ነገር ቀላቅሎበት ነው» ብላ የማታውቀውን ሰው ስትራገም ዋለች። እኔ እንጀራዬን አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አክስቴ መጣች። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፣ ኮምቦልቻ ለሚደገስ የዘመድ ሰርግ ከወረኢሉ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ተሸክማ ነው የመጣችው። ከቅቤው ጋር ከባድ ጉንፋንም ይዛለች። «አፍንጫዬ ወላሂ የኔ አይደለም» ትላለች። (ማርያምን ጠርታ ሳትጨርስ ወላሂ የምትል ሴት ለማየት ወሎ መምጣት ነው።)

የሰርጉ ቀን ንጋት ላይ መብራት የለም። እኔ ተጠቅልዬ ተኝቻለሁ። አክስቴ በጨለማው እየዳበሰች መጥታ ቀሰቀሰችኝ።

«ልጄ፣ ለራሴ ትንሽ ቅቤ ነበረች?»

ያመጣችው ቅል ጓዳ ነበር፤ ስጦታን መልሶ መቆንጠር ነውር ነው ብላ ነው ያልነካችው። እኔ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ፣ ለመንገድ የሚሆን ቁርስ ፈልጋ ነው ብዬ «መደርደሪያው ላይ ብልቃጥ አለ እትዬ፣ ዳቦውም ሌማቱ ውስጥ ነው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ዳቦ ደግሞ ለራስ ምን ያደርጋል?» ስትል ሰማኋት። እኔም ተመልሼ ተኛሁ።

ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ አክስቴ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ሙሽራዋ ራሷ መስላለች። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል፣ ሐረጎን ስትወርዱ ሹራብ ማውለቅ የምትጀምሩበት ቦታ አለ። እኛም እዚያ ስንደርስ አወለቅን። ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ «ወጥ የያዛችሁ ሰዎች ክዳኑን አጥብቁት፣ ሳይፈስ አይቀርም» አለ። ሁሉም እግሩ ሥር ተመለከተ። አክስቴም፣ ምንም የማይሸታት አክስቴ፣ ጎንበስ ብላ «ኧረ የማነው?» አለች።

ቀና ስትል ነው ያየሁት። ከሻሿ ጠርዝ ሥር አንዲት ቢጫ ጠብታ ብቅ አለች። በግንባሯ መሃል ቀስ ብላ ወረደችና ቅንድቧ ላይ ቆመች። ሁለተኛዋ ከጆሮዋ ጀርባ ተነስታ በአንገቷ በኩል ወደ ነጠላዋ መንገድ ጀመረች። ሻሹ ዙሪያውን እንደ ዶሮ ወጥ ዳር አቅልሟል።

ለራሴ! ራሷን ልትቀባ ነው የጠየቀችኝ፣ እኔ ቁርስ ሰጠኋት።

እማዬ መሐረብ አውጥታ ልትጠርግላት ቀረበች። «እትዬ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አለች። ከአንገቷ በጣቷ ጠረግ አደረገች። አሸተተችው። ከዚያ፣ በመድኃኔዓለም፣ ጣቷን ላሰችው።

ፊቷ ላይ የሦስት ሳምንት ወጥ በተራ በተራ ሲያልፍ አየሁ።

«ዘይት» አለች። ወደ እኔ ዞረች። ወደ እህቴ ዞረች። እህቴ በመስኮቱ ተራራ ታደንቃለች።

ስድብ ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ከስድብ ይብሳል። «እኔ እኮ እጄ ከዳኝ ብዬ» አለች ቀስ ብላ። «አርጅቼ ወጥ ጠፋኝ ብዬ። አንድ ማንኪያ የነበረውን ሁለት አደረግኩ፣ አልሆን ሲለኝ ሦስት አደረግኩ።»

እህቴ ከተራራው ተመለሰች። «ሦስት?» ብላ በጣቷ ቆጠረች። ድብልቁ ውስጥ ሲሶው ቅቤ ነው፣ ሦስት ማንኪያ ሲገባ ያው አንድ ሙሉ ማንኪያ ቅቤ። በላዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ዘይት ደግሞ በካሎሪ ከቅቤ አያንስም። ማለትም ከሦስት ሳምንት ልፋቴ በኋላ አባዬ የበላው ቅቤ በማንኪያ ጫፍ እንኳ አልቀነሰም፣ ዘይቱ ምርቃት ነው። አባዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔማ ዘንድሮ ወጡ ፈሰስ ብሎ ተመቸኝ እያልኩ ነበር» አለ።

ሰርግ ቤት አክስቴ ሻሿን ስትፈታ ሽበቷ ከግንባር እስከ ማጅራት ቢጫ ሆኗል። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ሂናውን ማን ሠራልዎት? እንዴት ያምራል!» አሉ። አክስቴ በመስታወት ራሷን አየች፣ እኔን አየች።

«ለራሴ ስልህ ለራሴ መሰለህ?» አለችኝ።

ሌላ ምን ልበል፣ ኧዋ አልኳት።

ማታ ደሴ ስንመለስ እማዬ ፍርድ ሰጠች። ከእንግዲህ ቁሌቱ በጥቂት ዘይት ይሠራል። ቅቤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ፣ እሱም ወጡ ሊወርድ ሲል ከመከለሻው ጋር፣ ያኔ ከገባ ሽታው አይጠፋም፣ ትንሿም ትበቃለች። ይህን ከገና በፊት ብንጠይቃት ኖሮ እንደምትነግረን ሳስበው ራሴን ማንቆርቆሪያ ውስጥ መክተት አሰኘኝ።

«በል አሁን ያነጠርኩትን አምጣ» አለችኝ።

አልጋዬ ሥር ገብቼ ቆርቆሮውን ሳብኩት። ቀለለኝ። እኔ የወሰድኩት ትንሽ ነው፣ ይህን ያህል ሊቀልል አይገባም። ስከፍተው ግማሹ የለም፣ መሃሉ እንደ ገንፎ ጉድጓድ ተፍቋል፣ የጎበጠው ማንኪያችን እዚያው ተተክሏል፣ ዙሪያውን የዳቦ ፍርፋሪ አለ።

ቆርቆሮውን ይዤ ሳሎን ስገባ ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን። አባዬ ቆርቆሮውን አየ። ማንኪያውን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከወንበሩ ላይ አነሳ፣ ተከናነበ፣ ከዘራውን ያዘ።

«ዶክተሩ በእግርህ ሂድ ብሎኛል» ብሎ በሩን ከፍቶ ወጣ።