የስፒትፋየር ካሙፍላጅ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ወዳጆች፣ የ1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) የስፒትፋየር ሞዴሌን፣ ማለትም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ ቀብቼ ጨርሻለሁ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የጀርመኑ ተዋጊ ሜሰርሽሚት 109 ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት የእጅ ሥራ በጣም ስለሚለያይ፣ ያየሁትን ሳይረሳኝ ላካፍላችሁ። አብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሁለት ቀለሞች ስለሚገናኙበት ጠርዝ። የቀለሙ ዓይነት ልክ ሆኖ ጠርዙ ካልተስተካከለ ሞዴሉ አያምርም። ጠርዙ ከተሳካ ግን ቀለሙ ትንሽ ቢለይም ማንም ልብ አይለውም።

ለስፒትፋየሩ የመረጥኩት የእንግሊዝ አየር ኃይል ከነሐሴ 1941 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቀን ተዋጊዎቹ ያወጣውን አቀባብ ነው። ከላይ ጥቁር አረንጓዴና ኦሽን ግሬይ፣ ከታች ሚዲየም ሲ ግሬይ። ከዚያ በፊት ከአረንጓዴው ጋር የነበረው ቡናማ ነው። ውጊያው ወደ ባሕሩ በላይና ወደ ከፍታ ሲሄድ ቡናማው አላዋጣም፤ ግራጫው ተተካ። አዲሱ ግራጫ እስኪዳረስ ደግሞ 7 እጅ ሚዲየም ሲ ግሬይ ከ1 እጅ ጥቁር ጋር ተደባልቆ ይቀባ ነበር። ስለዚህ የዚያን ሰሞን አውሮፕላን የምትሠሩ ከሆነ በግራጫው መጠነኛ ልዩነት ብዙ አትጨነቁ። እኔ የተጠቀምኩት ታሚያ የተባለውን ኩባንያ ቀለሞች ኤክስኤፍ-81፣ 82 እና 83 ነው፤ ለዚሁ ለእንግሊዝ አውሮፕላኖች የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጠርዙ። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ አንዱ ቀለም ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። በ1/48 ይህ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ1/72 ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህን ሒሳብ አንዴ ከሠራችሁ በኋላ፣ በኤርብረሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) በነፃ እጅ የተነፋ ሰፊና ደብዛዛ ጠርዝ ለምን ዓይን እንደሚረብሽ ይገባችኋል። በቴፕ የተሸፈነው ደግሞ ስለት ይሆናል፤ በጣት ሲዳሰስም እርከን አለው። የሚፈለገው በሁለቱ መሃል ያለው ነው።

እዚህ ላይ ብሉታክ (ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ማጣበቂያ) የሚያህል የለም። በመዳፍና በጠረጴዛ መሃል አንከባልሎ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቀጭን ገመድ ማውጣት ነው። መጀመሪያ ግራጫው ሙሉ በሙሉ ተነፍቶ ይደርቃል። ከዚያ ገመዱን በግራጫው ድንበር ላይ እያጠማዘዝኩ አስቀምጣለሁ፣ አልጫነውም፣ በራሱ ክብደት ብቻ ይያዝ። ገመዱ ክብ ስለሆነ ሆዱ ፕላስቲኩን የሚነካው በቀጭን መስመር ነው፤ ጎኑ ግን ከፕላስቲኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ለስላሳው ጠርዝ የሚፈጠረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ገመዱ ሲወፍር ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ሲቀጥን ይጠነክራል። ድንበሩ የሚያርፈውም የገመዱ ውጫዊ ጎን ባለበት ነው እንጂ መሃሉ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ገመዱን በግማሽ ውፍረቱ ያህል ወደ ግራጫው ገባ አድርጉት። የቀረውን ግራጫ በቴፕ ሸፍኖ አረንጓዴውን መንፋት ነው።

ከዚያ አቅጣጫው። ኤርብረሹ ሁልጊዜ ለፕላስቲኩ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት። ከአረንጓዴው በኩል ዘንበል ካደረጋችሁት ቀለሙ ከገመዱ ሥር ይገባና ጠርዙ ይሰፋል። ከገመዱ በላይ ዘንበል ካለ ደግሞ ጠርዙ ይሳላል። ክንፉ ላይ ይህ ቀላል ነው። ክንፉና ቀፎው (ክንፎቹን የያዘው የአውሮፕላኑ ዋና አካል) የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ግን ሞዴሉን ራሱን በሌላው እጅ እያዞሩ መሥራት የግድ ነው፣ ምክንያቱም ንድፉ ከክንፉ ሳይቋረጥ ወደ ቀፎው ይወጣል፤ እዚያ ጋ የተዛነፈ እንደሆነ ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ ይታያል።

ቀለሙ ወተት እስኪመስል ይቅጠን፤ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ይበቃል። በስሱ፣ ደጋግሞ። ብሉታኩን ቀለሙ ሲደርቅ ቶሎ አንሱት፤ ብዙ ከቆየ ቅባት ይተዋል።

ከጅራቱ ፊት ያለችው፣ ስካይ በሚባለው ቀለም የምትቀባው ቀለበት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ስፋቷ 18 ኢንች ነው፤ በ1/48 9.5 ሚሊ ሜትር። እሷ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስለምትፈልግ ቴፕ ብቻ ነው የሚያዋጣት። የክንፉ ፊት ላይ ያለችው ቢጫ መስመርም እንደዚያው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከማቱ (ከማያንጸባርቀው) ቫርኒሽ በፊት ስለ ቀለሙ አትፍረዱ። ለዲካሉ (የአውሮፕላኑ ምልክቶች ለታተሙበት ስስ ተለጣፊ) ተብሎ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ሲነፋ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ከግራጫው ጋር ያለው ልዩነትም ይጎላል። ማቱ ሲነፋ ሁለቱ ተመልሰው ይቀራረባሉ። የአንጸባራቂውን ቫርኒሽ ግን አትዝለሉት፤ ዲካል ሸካራ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይቀርና ብርማ ሆኖ ይታያል።

ሜሰርሽሚቱ ሌላ ዓለም ነው። ከላይ አርኤልኤም (የጀርመን አየር ሚኒስቴር የቀለም ቁጥር) 74 እና 75፣ ከታችና ከጎን ፈካ ያለው ሰማያዊ ግራጫ 76። ክንፉን እንደ ስፒትፋየሩ መሸፈን ይቻላል፤ የቀፎው ጎን ግን ነጠብጣብ ነው፣ እሱን የሚሸፍን ነገር የለም። እጅ ብቻ። ግፊቱን ከ1 ባር በታች አወርዳለሁ፣ ቀለሙን የበለጠ አቀጥናለሁ፣ የኤርብረሹን መርፌ ጫፍ ወደ ፕላስቲኩ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ አስጠጋለሁ። መርፌው ላይ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ በየመሃሉ በማቅጠኛ በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ነጠብጣቦቹ እኩል ከሆኑ ወዲያው ያስታውቃሉ፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ የደበዘዘ፣ የጎላ እያደረጉ ማቀላቀል ይሻላል።

አሁን የምለማመደው 76 የተቀባ ትርፍ ፕላስቲክ ላይ ነው። በጣም የወደድኩት ዘዴ፣ ነጠብጣቦቹ ካለቁ በኋላ እጅግ የቀጠነ 76 ከላያቸው ላይ በስሱ መንፋት ነው፤ የጎሉት ይረጋሉ፣ ሁሉም ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ይዋሃዳል። ቀጣዩ ሥራ ይህንኑ ሞዴሉ ላይ ማድረግ ነው፣ ከግራ ጎኑ እጀምራለሁ። በ1/72 ነጠብጣብ የሠራችሁ ካላችሁ መርፌያችሁ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው ወይስ 0.3? ቀለሙንስ ምን ያህል አቀጠናችሁት?