እርጥቡ እጅጌ

በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በምኖርበት ጊዜ ጎረቤቶቼ የነበሩ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሦስት ጊዜ ተጣልተው ሦስቱንም ጊዜ ካስታረቋቸው ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ። ለሽምግልና የታጨሁት በዕድሜዬ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ቀድሜ አሜሪካ በመግባቴ ነው።

ባልየው አዲስ አበባ ሳለ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ነበር። እዚህ ግን ዋሽንግተን መሀል ከተማ፣ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ እርሷ ደግሞ በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ሌሊት እየሠራች ከእርሱ የበለጠ ታገኛለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በፊቱ ግን አናነሣውም። ልጆቹን አጣጥቦ ትምህርት ቤት የሚልከው፣ ወጥ የሚሠራውና ዕቃ የሚያጥበው እርሱ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ወጡም ከእርሷ ይጣፍጥ ነበር። ነገር ግን የበሩ ደወል ሲጮህ እጁን አደራርቆ ሶፋው ላይ ይቀመጥና እርሷ ከእንቅልፏ ተነሥታ ቡና እስክታቀርብ ይጠብቃል። እኔም ብሆን እንግዳ ሲመጣብኝ ሽርጤን የማወልቅበትን ፍጥነት ራሴው አውቀዋለሁ።

አንድ የገና ዕለት ሦስት ሆነን ሄድን። ዶሮ ወጡን ቀምሰን ሙያዋን ስናደንቅ፣ እርሷ እየሳቀች «እኔ ምን አደረግሁ? ሽንኩርቱን ያቁላላውም፣ ዶሮውን ያጠበውም እርሱ ነው» አለች። ወደ እርሱ ዞር ስል የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ድረስ እርጥብ ነበር። አፌ እንዳመጣልኝ «ታዲያ ማርያም ማርያም የምንልህ መቼ ነው?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እርሱም አብሮን ሳቀ።

በዚያው ሌሊት መታት። ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት 911 ደወለ። ባልየው ለፖሊሶቹ የቤተሰብ ጉዳይ እንደሆነ ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር፤ በቨርጂኒያ ሕግ ግን ፖሊስ በትዳር ጓደኛ ላይ ድብደባ ለመፈጸሙ በቂ ምክንያት ካገኘ፣ ሚስት ክሰሱልኝ ባትልም ዋነኛውን ደብዳቢ ያስራል። ለሦስት ቀን የሚጸና አስቸኳይ የጥበቃ ትእዛዝም ስለተሰጣት፣ በማግስቱ ሲለቀቅ ወደ ቤቱ መመለስ አልቻለምና የፓርኪንግ ዩኒፎርሙን በፌስታል ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። «መታኋት» የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። «እጄ አረፈባት» ነው ያለኝ።

ሽማግሌዎቹ ማምሻውን ተሰበሰብን። አንደኛው የፈረንጅ ሕግ ትዳራችንን አፈረሰው ብሎ ተማረረ። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም፤ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደረገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተለውጦ ባልና ሚስት እኩል መብት አግኝተዋል፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል። ሌላው ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ በእርሱ በኩል ስለሆነ ክሱን ለመተው እንደምትገደድ ነገረን። እርሷ ግን በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ በዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ባለው ባሏ የተጎዳች ሚስት እርሱ ሳያውቅ ለራሷ እንድታመለክት እንደሚፈቅድላት ከእኛ ቀድማ ደርሳበት ነበር። ሊያነጋግራት ስለተከለከለም ሽማግሌ መላኩ ራሱ ትእዛዙን እንደ መጣስ ሊቆጠርበት እንደሚችል ጠበቃው አስጠነቀቀን፤ ስለዚህ አርፈን ተቀመጥን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሷ ደወለችልኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በረጋ ድምፅ «ጋሼ፣ ሦስቱንም ጊዜ እኔን ‹ቻይው፣ ምላስሽንም ሰብሰብ አድርጊ› ብላችሁኛል። እርሱን ለብቻው ስትወስዱት ግን ምን ነበር የምትሉት?» ስትል ጠየቀችኝ።

እርሱን ለብቻው የምንወስደው ሬስቶራንት ነበር። ጥብስና ቢራ እናዝለታለን፣ ሒሳቡንም እንከፍልለታለን፤ አይዞህ፣ ሁሉም ቤት ያለ ነው እንለዋለን። ይህን ልነግራት አልቻልኩምና «መክረነዋል» ብቻ አልኳት። «እሺ» አለች። የገናውን ቀልድ አላነሣችብኝም፤ እኔም አላነሣሁላትም።