ክዳኑ የኛ አልነበረም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ግቢ ገብቼ በርሜል ላይ ክዳን አየሁ። ክዳን ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ክዳኑ የኛ አልነበረም። እኛ የምናድለው ነጭ ነው። ይሄ ግን ከአሮጌ አበባማ መጋረጃ የተሰፋ ነው። ዙሪያው ላስቲክ ገብቶበታል፣ ጆጉም በሲባጎ ታስሮበታል።

"ማን ሰጠዎት?" አልኳቸው የቤቱን እናት።

"ማን ይሰጠኛል? ጎረቤት አይቼ ሰፋሁት" አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ።

አቦ! ሦስት ክረምት ስጠብቃት የነበረችው መልስ ይቺ ናት። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልኩራ። ከዚያ ጉዴንም አወጣለሁ።

እኛ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ በመጋላ ሰፈር በኩል፣ ቢምቢ እንዳይፈለፈልበት ቤት ለቤት እየዞርን የውሃ ማጠራቀሚያ የምናይ ስምንት ልጆች ነን። ስንጀምር ሠላሳ ነበርን። ካናቴራው ሲያልቅ ሃያ ሁለቱም አብረው አለቁ።

ነገሩ የጀመረኝ በሽታው ቤቴ ስለገባ ነው። ነሐሴ 2011 ላይ ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ እኛ ቤት አራታችንም ተኛን። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፤ የሚያጎብጥ እንደማለት ነው። እናቴ ትርጉሙን ማንም ሳይነግራት ነው ያወቀችው። ለሳምንታት ግድግዳ ይዛ ነበር የምትሄደው። ከዚያ በ2014 ወባ ተነሳ፣ ያውም በበጋ። ወባ ክረምት ሲወጣ የሚመጣ ነገር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ደረቅ ወር ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባ ከየት መጣ?

ከበርሜላችን ነዋ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ቢምቢ አለች። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ቀብሪ ደሃር ነው። እንደ ድሮዎቹ የወባ ትንኞች ረግረግ ፍለጋ አትሄድም። ከተማ ትወዳለች፣ ንጹህ ውሃ ትወዳለች፣ ሮቶ ትወዳለች። ቺኩንጉንያና ደንጊ የምታስተላልፈው ኤዴስም ያው ናት፤ እሷም ጣሳ፣ ጎማ፣ በርሜል ላይ ነው የምትፈለፍለው። ልዩነቱ ኤዴስ በቀን ብርሃን ትነክሳለች። አጎበር ውስጥ ገብቶ ማደር ከሷ አያድንም። እኛ ድሬዎች ውሃ ሲባል የምንፈራው ጎርፍ ነው፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ያደረገውን ማን ይረሳል። ጣሳ ውስጥ ያለ ውሃ ሰው ይጎዳል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

የመጀመሪያውን ዓመት በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙም አያኮራ። ካናቴራ ለበስን፣ ባነር ይዘን ፎቶ ተነሳን፣ ወረቀት በተንን። ቤት ለቤት የምንወጣው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። በድሬ 8 ሰዓት ላይ በር የሚያንኳኳ ወይ እንግዳ ነው ወይ ጤና የለውም። ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፣ የተኛው ተኝቷል። አንድ አባት በመስኮት ብቅ ብለው "ዋርያ፣ ቢምቢዋ እንኳን በዚህ ሰዓት ጥላ ትይዛለች" አሉን። ከዚያ ወዲህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው የምንሠራው።

አሁን ወደ በርሜሉ ልምጣ። ሁለቱን ዓመት የበላው እሱ ነው።

መጀመሪያ የምንለው "ውሃ አታጠራቅሙ" ነበር። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ቤት እንደተናገርኳት ሳስብ ፊቴ ይቀላል። አንዲት እናት ጨርሰው ሰሙኝና "ልጄ፣ ቧንቧችን በስንት ቀን አንዴ እንደሚንጠባጠብ ታውቃለህ? እስኪመጣ አንተን ልጠጣ?" አሉኝ። እኔም ራሴ እቤቴ ሁለት በርሜልና ስድስት ጀሪካን ውሃ አለኝ። የማልኖረውን ነው የምሰብከው። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰው በርሜል ማለት የባንክ ደብተር ነው። ድፋው አይባልም።

ስለዚህ መክደን ነው የቀረው። ቀላል ይመስላል አይደል? የመጀመሪያው ክዳናችን ቆርቆሮ ነበር። ገንዘብ አዋጥተን ብረት ሠሪ ጋ አሠራን። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፣ ፀሐይ ሲመታው አይያዝም። ከወር በኋላ ስዞር አንዱ የበርበሬ ማስጫ ሆኗል፣ አንዱ የዶሮ ቤት በር ሆኗል። በርሜሉ እንደ ድሮው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ሰዎቹ ልክ ነበሩ፤ ለበርበሬ ማስጫነት ጥሩ ቆርቆሮ ነበር።

ሁለተኛው የተቀደደ አጎበር ነው፤ ደራርበን በከመነዳሪ ጥብቆ አሰርነው። በእውነት ቢምቢ አታልፍበትም። ሰውም አያልፍበትም። ከመነዳሪውን ለመፍታት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ልጅ ያዘለች፣ በአንድ እጇ ድስት የያዘች ሴት በቀን አሥር ጊዜ እየፈታች አታስርም። ሁለት ቀን ታስራለች፣ በሦስተኛው ትተወዋለች። ጨርቁም ረግቦ ውሃውን ከነካ እርጥቡ ላይ እንቁላል ይጣልበታል።

በዚህ መሀል አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወዳጄ "በርሜሉን ከታች በስተህ ሩቢኔቶ ግጠምለት፣ አፉን ለዘላለም ክደነው" አለኝ። ሐሳቡን ወደድኩት። እስካሁንም በሐሳብ ደረጃ ከሱ የተሻለ የለም። ሦስት በርሜል ድንጋይ ላይ ሰቅለን ገጠምን። ግን የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ውስጡን እዩት፤ ኖራ ነው የሚጋግረው። በጥቂት ወራት ሩቢኔቶው ነጭ ድንጋይ ያዘና መዝጋት እምቢ ብሎ መንጠባጠብ ጀመረ። ውሃ እንዳይባክን ሥሩ ጣሳ ተቀመጠ። ጣሳው ውስጥ ምን እንዳገኘን መገመት አያቅታችሁም።

ሦስተኛው አሁን ያለው ነው። ወፍራም ነጭ ጨርቅ፣ ዙሪያው እንደ ቀሚስ ወገብ ላስቲክ የገባበት። በአንድ እጅ ይወልቃል፣ በአንድ እጅ ይገባል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው የሠሩልን፤ በርሜሉን ለክተው "ይሄ እኮ ወገቧ ሰፊ ሴት ናት" እያሉ። ጥሩ ነበር፤ ልጆች ግን ውሃ ሲቀዱ ክዳኑን መሬት ይወረውሩታል። እንደገና ክፍት በርሜል።

ይሄንን የፈቱት አንዲት ኦሮሞ አሮጊት ናቸው። እኔ አማርኛዬን እየደረደርኩ ልጆቹን ስለማስተማር ሳወራ፣ ዝም ብለው ሲባጎ አመጡና የጆጉን እጀታ ከክዳኑ ጠርዝ ጋር አሰሩት። ይሄው ነው። ጆጉን የፈለገ ክዳኑን ይዞ ይነሳል። ጆጉን ሲመልስ ክዳኑም ይመለሳል። ጆግ ደግሞ መሬት አይጣልም፤ ጆግ መሬት የጣለ ልጅ ምን እንደሚያገኘው ያውቃል። እኔ የልጆቹን ጭንቅላት ልቀይር ስደክም እሳቸው የጆጉን ቦታ ቀየሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ መራመድ የጀመረው። ባለፈው ቅዳሜ ያየሁት አበባማ ክዳን የሳቸው ሲባጎ የልጅ ልጅ ነው።

ክዳን ብቻውን አይበቃም፣ ይሄንንም ልንገራችሁ። ኤዴስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው ቢያልቅና ቢደርቅ እንቁላሉ ለወራት ይቆያል። ውሃ ሲሞላ ይፈለፈላል፤ በኛ ሙቀት ደግሞ ቢምቢ ለመሆን ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ባዶ በርሜል ንጹህ በርሜል አይደለም። መፋቅ አለበት። ጆንያ በአሸዋ በቂ ነው፤ አሸዋ እንኳ ደቻቱ ይስጠን፣ ሞልቶናል። "በየሳምንቱ ፋቁ" ብለን ስንናገር ማንም አልሰማንም። "ለጁምዓ ቤት ስታጸዱ በርሜሉንም" ስንል ሐሙስ ማታ መፋቅ ጀመሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ደግሞ ቅዳሜ። አዲስ ቀን አልፈጠርንባቸውም።

ስለ መሣሪያ ከጠየቃችሁኝ፣ ነጭ ጎድጓዳ ሳህንና የስልክ መብራት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከበርሜሉ ትቀዳላችሁ፣ መብራቱን ታበራላችሁ፣ ለባለቤቷ ትሰጣላችሁ። ውሃው ላይ ጠፍጣፋ የተኛችው የወባዋ ናት። ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ የተንጠለጠለችው ኤዴስ። "እጭ" አትበሉ፣ ማንም አይገባውም፤ እኔም ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት። ትል በሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጋ ራሞ፣ ሶማሊ ቤት ስትገቡ ቢምቢዋን ካኔዖ። ሦስት ቃል አጥንታችሁ ብትሄዱ ከሠላሳ ገጽ ማሠልጠኛ ይሻላል። የሚዋኘውን ትል አንዴ በሳህን ያየች እናት ንግግር አያስፈልጋትም። "ይሄንን ነው ስንጠጣ የኖርነው?" ትላለች፤ በቃ።

እዚህ ላይ የማይወደድ ነገር ልናገር። ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚባለው ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ሰዉ ግንዛቤ አልጎደለውም። የጎደለው ውሃ ነው፣ ክዳን ነው፣ ሁለተኛ እጅ ነው። ግማሽ ቀን አዳራሽ ቁጭ ብሎ አበል ተቀብሎ ከመበተን አንድ በርሜል መፋቅ ይሻላል። ካናቴራውም ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ካናቴራ የለበሰ ሰው ሲገባ ሰዉ ስም ሊመዘገብ፣ ዘይት ሊታደል ይመስለዋል። ባዶ እጅህን ስትወጣ ይታዘብሃል። ይልቅ ለሴቶች እድርና እንደ እድር ለሆነው ለአፎቻ ንገሩ። እኛ በአንድ ክረምት ያልገባንበትን ግቢ እነሱ በአንድ ቡና ይገቡበታል።

ቁጥርም አሳስቶኛል። ሁለት ዓመት ደብተሬ ላይ የምጽፈው "ዛሬ 40 ቤት ተደረሰ" ነበር። ሪፖርት የምናቀርብበት ቢሮም ይሄንኑ ነው የሚወደው። ትል የተገኘበትን በርሜል መቁጠር የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ስቆጥር ደግሞ "በደንብ ሠርተናል" ያልኩት መንደር ከሌላው እንዳልተሻለ አየሁ። ገጹን ቀድጄ ልጥለው ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ወረቀቱ ላይ ነበር።

ሌላም አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት እማማ ላይ ጮህኩባቸው። ሦስት ጊዜ ክዳን ሰጥቻቸው ሦስቱም ጠፍቷል። ሰው በተሰበሰበበት "እርስዎ ነዎት ሰፈሩን የሚያሳምሙት" አልኩ። ሁለት ወር በዚያ መንገድ አላለፍኩም። ኋላ ስሰማ ክዳኖቹን የወሰደው የልጃቸው ልጅ ነው፤ ኳስ መስሪያ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስሄድ ሻይ አፈሉልኝና ስለ ክዳን አንድ ቃል አላነሱም። ያ ሻይ እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

የራሴ ቤትስ? ዘንድሮ ግንቦት ላይ እናቴ የምትሳሳለት የአበባ ማሰሮ ሥር ያለችው ሰሃን ውስጥ ትል ተገኘ። ያገኘችው ደግሞ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ከእኛው ሳህንና መብራት ጋር፣ ልምምድ ላይ። "የአስተማሪው ቤት!" ብላ ለሰፈሩ አወጀች። እናቴ ሳምንት አኮረፈችኝ። በእሷ አባባል ትሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በየሰው ቤት እየዞርኩ።

አሁን ያቃተን ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ቤቱን ያከራየው ሰው ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ተከራዩ "የኔ አይደለም" ይላል፣ ክዳኑ ደግሞ ከተሰበረ ቆይቷል። በዚህ መንገድ ብቻ እንደዚህ ዓይነት 6 ቆጥሬአለሁ። አበባማውን መጋረጃ የሰፉት እናት ለትልቁ እንሰፋለን ብለዋል፣ ልኩን አምጡ ነው ያሉት። ከናንተ መሰላል ያለው ቅዳሜ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይምጣ፤ እኛ ጋ ያለው ሦስተኛው እርከኑ ተሰብሯል።