መደርደሪያውና ጋፋት

ዛሬ ሙሉ ቀን ሲደብረኝ ዋለ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ዝናቡ ይሆናል፤ እሷ ከጠዋት ጀምሮ መልስ የነፈገችኝም ይሆናል፤ መደርደሪያውም ይሆናል። መደርደሪያውን ታውቁታላችሁ፤ ከመስቀል ጀምሮ ላሠራ ነው፣ ላሠራ ነው እያልኩ ያሰለቸኋችሁ የመጻሕፍት መደርደሪያ። በቱቦላሬና በላሜራ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ። ይኸው ተሠርቶ መጣ። ብየዳው ንጹሕ፣ ማዕዘኑ ልክ፣ ቀለሙ እንዳማረኝ ጥቁር። በያጁ እቤት መጥቶ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ለክቷል፤ አንዴ ቁመቱን፣ አንዴ ወርዱን፣ አንዴ ደግሞ እኔ ደስ እንዲለኝ። ደረጃውን ግን አልለካም። እኔም ለካው አላልኩትም።

ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ ተቀረቀረ። ጫኝና አውራጆቹ አቆሙት፣ አጋደሙት፣ በአንድ እግሩ አዞሩት። የደረጃውን መደገፊያ ፋቀው፣ ግድግዳውን ላጠው፣ ንቅንቅ አልል አለ። ከአራቱ አንጋፋው ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ "አለቃ፣ ይሄ እኮ እላይ ቤት ውስጥ ነበር መበየድ የነበረበት" አለኝ። ሒሳቡን ግን እስከ አራተኛ ፎቅ እንዳወጡት አድርጎ ነው የተቀበለኝ።

ሴባስቶፖል፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ማለቴ አይደለም። እሱ አምሳያው ነው፤ በቸርችል ሽቅብ ስንወጣ ከረዳቱ ጋር በመልስ ስንጨቃጨቅ የሚያመልጠን። ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። መድፉ በጋፋት ሠራተኞች እጅ አልቆ፣ ቀዝቅዞ፣ ስም ወጥቶለት (ስሙ የተወሰደው ያኔ በጦርነት ዝናዋ ከወጣው ከክሪሚያዋ ወደብ ነው)፣ መሄጃው የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በያጄን እንግዲህ ምን ብዬ ልውቀሰው?

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች ጉብታ ናት። ከተማ ብላት የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ግን ምን ልበላት? ቤት ነበራት፣ እቶን ነበራት፣ የሚጋቡና የሚዋለዱ ሰዎች ነበሯት። ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና ሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ በትውልድ ስዊሶችም ጀርመኖችም። ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበር፣ ከፖላንድ የመጣ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ሰው ነበር። ቴዎድሮስ ሰባኪ አልጎደለውም፤ ቄስና ደብተራ ሞልቶታል። የጎደለው መድፍ የሚያፈስ እጅ ነው። እነሱ ደግሞ እኛ ሚሲዮኖች ነን፣ መድፍ መሥራት አናውቅም አሉ። አለማወቃቸው እንደ ምክንያት አልተቆጠረላቸውም። የመጀመሪያው እቶን ከሸፈ። እንደገና ሞክሩ ተባሉ።

ይሄን ሳስብ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ብረት ያቆማቸው ከተሞች ሁሉ ደንበኛ አላቸው። የእንግሊዞቹን ኮልብሩክዴል ውሰዱ፤ አብርሃም ዳርቢ በእነሱ አቆጣጠር በ1709 በእንጨት ከሰል ፋንታ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ፣ ኮክ በሚባል ማገዶ ብረት ማቅለጥ የጀመረባት ሸለቆ ናት። ድስትም ሠራች፣ ምጣድም ሠራች፤ የሰቨርን ወንዝ ሥሯ ስለሚያልፍ ዕቃዋ በጀልባ ይወርድላታል። ኋላም በ1779 በዚያው ወንዝ ላይ ድልድይ አቆሙ፤ በብረት። ብረቱ ራሱ መንገድ ሆነ በሉት። ጋፋት ግን ደንበኛዋ አንድ ሰው ነው። ገበያ የላት፣ ወንዝ የሚያወርድላት የላት፤ ያ ሰው ሲስቅ ትሸለማለች፣ ሲቆጣ ትታሰራለች። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቆንስሉን ካሰረ በኋላማ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። (መልስ ስለማጣት ዛሬ ብዙ ማለት እችል ነበር፤ ልለፈው።)

አሥር ዓመት እንኳ አልሞላትም። በ1859 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አውሮፓውያኑን ከዚያ አንስቶ ደብረ ታቦር አስገባቸው። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ላይ ደግሞ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥሎ መድፎቹን በሠረገላ አስጭኖ ተነሳ። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት በመቶ የሚቆጠር ሰው ነው የተሰለፈው። ወደ ጅዳ ገደል ቁልቁል፣ ወደ ደላንታ ሽቅብ፣ ወደ በሽሎ እንደገና ቁልቁል። ቋጥኝ እየፈነቀሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ድንጋይ እየተሸከመ፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ መቅደላ አጠገብ አሮጌ በሚባል ቦታ ከእንግሊዞች ጋር ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን እሱ ራሱ አልነበረም። ሊዋጉት የመጡት እንግሊዞች ሳይቀሩ ያደነቁት ግን መንገዱን ነው። እኔም ሰውዬው በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ መንገድ ይመስለኛል፤ ሳያስበው፣ መድፉ ስላስገደደው የሠራው።

ወናፉን ይነፋ የነበረውስ ሰው? አያቴ ገበያ ወጥታ ከቀጥቃጩ ማጭድ ስትገዛ ትዝ ይለኛል። ስለቱን በአውራ ጣቷ ትሞክራለች፣ ዋጋ ትከራከራለች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ግን በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ሸፍና ይዛኝ ነው። ቡዳ ነው እንዳይበላህ። ማጭዱን ትወስዳለች፣ ዓይኑን አታስየኝም። በዚህ አገር ነው እንግዲህ ንጉሥ እቶን አጠገብ ቆሞ ብረት ሲቀልጥ ያየው። ምኒልክ ኋላ ቀጥቃጩን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብሎ አዋጅ ማስነገር ነበረበት፤ አዋጁ ግን አያቴ ጋ አልደረሰም።

ፈረንጆቹ የት እንደደረሱ ይታወቃል። ከጋፋት ሚሲዮኖች አንዱ ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ ያፈሰሰ ሰው! ሞሪትዝ ሆል ኢትዮጵያዊት ሚስቱን ይዞ ጃፋ ከተመ። በዚያው በመቅደላው ዘመን የተወለደች ሴት ልጁ የፊልም ተዋናዩ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ከጋፋት እስከ ኦስካር። የወናፉ ሰው የልጅ ልጅስ? ምናልባት የሆነ ቦታ ብየዳ ቤት ከፍቷል። ምናልባት የኔን መደርደሪያ...

እሺ፣ ይቅር፣ ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ጋፋትን ደግሞ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ደብረ ታቦር ያን ያህል ሩቅ አልነበረም፤ ሁለቴም ዓሣ በልቼ ተመለስኩ። ስለማላውቃት ጉብታ ስጽፍ ሁለት ሰዓት አለፈኝ፣ እሷም አልመለሰችም፣ በያጁም ስልኩን ዘግቷል። ታናሽ ወንድሜ ደውሎ "በቃ አስቆርጠው፣ ሁለት ቦታ ይሁንና እላይ ይበየዳል" ብሎኛል። ትክክል ነው። ግን ያን የመሰለ ብየዳ ማን ጨክኖ ይቆርጣል?

አሁን ወጥቼ አየሁት፤ እዚያው መዞሪያው ላይ ቆሟል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ የጤና አዳም ጣሳቸውን ከላይ፣ የልጆቹን ጫማ ከታች ደርድረውበታል። በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ልጄ፣ አንተ ነህ ያሠራኸው? እግዜር ይስጥልን" አሉኝ።

አሜን አልኩና ወጣሁ።