ለፈረንጅ ፀሐይ መሸጥ፦ ታኒንግ ሳሎን ከገዛሁ ሰባተኛ ወር

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ። ኖቬምበር ላይ ቢዝነስ ገዛሁ ስላችሁ ግማሻችሁ ግሮሰሪ ነው ግማሻችሁ ሬስቶራንት ነው እያላችሁ ስትገምቱ ዝም ያልኩት ትንሽ አፍሬ ነው፣ የገዛሁት ታኒንግ ሳሎን ነው። አዎ፣ ፈረንጆቹ ከፍለው ተኝተው የሚጠቁሩበት ቤት። ሚኒሶታ፣ ከሚኒያፖሊስ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ስድስት የሚተኛበት ቤድ (በአምፖል የተሞላ አልጋ በሉት)፣ አንድ ቆመው የሚገቡበትና አንድ ቀለም ቆዳ ላይ የሚረጭበት የስፕሬይ ክፍል አለው። ለእማዬ በስልክ ላስረዳት ስሞክር "አንቺ ልጅ፣ አስራ ሶስት ወር ፀሐይ ካለበት አገር ሄደሽ ፀሐይ ልትቸረችሪ?" ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እውነቷን ነው፣ እዛ ፊት የሚያቀላ ክሬም እየተፈለገ እዚህ የሚያጠቁር ሎሽን በ80 ዶላር ሲገዛ ሳይ እኔም ይገርመኛል።

የዛሬው ስለ ሎሽኑ ነው። ሂሳቡን ቁጭ ብዬ ሳየው የቤዱ ገቢ ኪራይ፣ መብራትና የሰራተኛ ከፍሎ ለኔ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ሳሎኑን የሸጠችልኝ ሴትዮ ደሞ ሎሽን ላይ ምንም አልሰራችበትም፣ መደርደሪያው ላይ የነበረው አቧራ የለበሰ አስራ ምናምን ጠርሙስ ብቻ ነው። ስለዚ ትርፉ እዚህ ጋ ነው ያለው ብዬ ገባሁበት።

ግን መጀመሪያ አምፖሉን ልንገራችሁ፣ ሎሽኑም የከሸፈብኝ በሱ ምክንያት ነው። የቤድ አምፖል ሲያረጅ አይጠፋም፣ ሰማያዊ ብርሃኑ እንደዛው ነው፣ የሚደክመው ዩቪው፣ ቆዳውን የሚያጠቁረው በዓይን የማይታየው ጨረር ነው። እንደ ዓይነቱ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው የሚባለው፣ እኔ ማሽኑ ላይ ያለውን ቆጣሪ ሳላይ ነው የፈረምኩት፣ በኋላ ስናየው ሁለቱ ቤዶች 1400 አልፈዋል። ደንበኛ መጥታ "ሁለት ሳምንት ተኛሁ ምንም ለውጥ የለም" ስትለኝ እኔ ምን አልኳት፣ "ሎሽን ስለማትጠቀሚ ነው"! ገዝታ ተቀባች፣ አሁንም ምንም የለም። ከዛ በኋላ እኔን ማን ያምነኛል።

በቃ አምፖሉን ቀየርነው፣ ቀይረን ደሞ ሌላ ጥፋት። አዲስ አምፖል ኃይለኛ ስለሆነ ሰዓቱን መቀነስ አለብህ፣ ይሄን አውቃለሁ፣ አንብቤዋለሁ፣ ግን ቅዳሜ ቀን ሰልፍ ሲሆን ለአንዷ የድሮ ደንበኛ እንደለመደችው 12 ደቂቃ ሞላሁላት። በማግስቱ ስትመጣ ጀርባዋ በርበሬ መስሏል፣ የጡት መያዣ ማሰሪያው መንካት አቅቷት በሰፊ ቲሸርት ነው የመጣችው። አልቆጣችም እኮ፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የወሩን መልሼላት አሎ ቬራ ጄል ሰጠኋት፣ አሁን አምፖል በተቀየረ ቁጥር በሩ ላይ በትልቁ ወረቀት እንለጥፋለን፣ ኮምፒውተሩም ላይ ሰዓቱን ራሴ ቀንሼ ነው የምቆልፈው።

(አክሪሊኩን፣ ሰው የሚተኛበትን መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ፣ በመስኮት መጥረጊያ ስፕሬይ እንዳትወለውሉ። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ንጽህና ላሳይ ብዬ ወለወልኩት፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አወጣና አንዱን ሙሉ ማስቀየር ግድ ሆነ። ለሱ የተሰራ ማጽጃ አለ።)

እሺ ሎሽን። ጃንዋሪ ላይ ሲዝኑ ሲጀምር የ4200 ዶላር ዕቃ አዘዝኩ፣ የመረጥኩት በጠርሙሱ ማማርና በመዓዛው ነው፣ ሽቶ የምገዛ ነው የመሰለኝ። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ቆዳውን አለስልሶ ለታኑ የሚያዘጋጅ ነው፣ አንዱ ብሮንዘር ነው ራሱ ቀለም የሚሰጥ፣ አንዱ ደሞ ቲንግል ይባላል፣ ቆዳውን ቀይ የሚያደርግና የሚያቃጥል፣ ቃሪያ ከትፈህ እጅህን ሳትታጠብ ፊትህን የነካህ ያህል ነው፣ ለለመደ ሰው ብቻ ነው የሚሸጠው። እኔ እሱን 12 አዘዝኩ። ሁለት ሸጥኩ።

የተረፈውን ጠርሙስ ጓዳ አስቀመጥኩ፣ ጓዳው ደሞ የቤዶቹ ሙቅ አየር የሚወጣበት ጋ ነው። ብሮንዘሩ ውስጥ ዲኤችኤ የሚባል ነገር አለ፣ የቆዳ ላይኛው ክፍል ላይ ካለው ፕሮቲን ጋር ተገናኝቶ ከሰዓታት በኋላ ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ሙቀት አይወድም። ማርች ላይ አንዱን ስከፍት ነጭ የነበረው ክሬም ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል፣ ሽታው የተቃጠለ ስኳር። ዘጠኝ ጠርሙስ ጣልኩ፣ ባለቤቴ ከትራኩ ደውሎ "ስንት ነው?" ሲለኝ ግማሹን ነው የነገርኩት።

ሌላው ራስ ምታት ኢንተርኔት ነው። አንዷ ካውንተሩ ላይ ስልኳን አውጥታ ያንኑ ጠርሙስ በግማሽ ዋጋ አሳየችኝ። ምን ትላለህ? በዛ ዋጋ እኔም አላገኘውም። መጀመሪያ ዋጋ ቀንሼ ልወዳደር ሞከርኩ፣ ከስሬ ተውኩት።

ነገሩን የቀየረችው የኮሌጅ ተማሪ ሰራተኛዬ ናት። እኔ ደንበኛ ሲገባ "ዛሬ ሎሽን ትፈልጊያለሽ?" ነበር የምለው፣ መልሱ ሁሌም "ኖ ታንክስ" ነው። እሷ አትጠይቅም፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆኑትን ትንንሽ ፓኬቶች ሁለት አውጥታ ካውንተር ላይ ታስቀምጥና "ኮኮናቱ ይሻልሻል ወይስ ይሄኛው?" ትላለች፣ ሰውየው ሳያስበው አንዱን ያሸታል። ፓኬቱን በ8 ዶላር እንሸጣለን፣ በሳምንት ውስጥ ጠርሙሱን ከገዛች 8ቱን እንቀንስላታለን። ኢንተርኔት ላይ ማሽተት የለም። ደሞ እሷ ራሷ ስለምትጠቀም ክንዷን ታሳያለች፣ እኔን ግን አይተው "አንቺማ ምን ታውቂያለሽ፣ አያስፈልግሽም" ብለው ይስቃሉ፣ ልክ ናቸው። ከጠርሙስ 10 ፐርሰንት ኮሚሽን ሰጠኋት። ጃንዋሪ ላይ የሎሽን ሽያጭ 640 ዶላር ነበር፣ ኤፕሪል 2900 ገባ። ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ ጨረር መከላከያ) ያለው የከንፈር ቅባት ካውንተር ላይ ሲቀመጥ በራሱ ይሄዳል። ስካርፍም ሞክሬ ነበር፣ ሶስት ተሸጠ፣ ሶስቱንም የገዛችው አንድ ሴትዮ ናት።

ታክሱ ላይ ተጠንቀቁ። ለዩቪ ታኒንግ ከ2010 ጀምሮ 10 ፐርሰንት የፌደራል ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ በየሩብ ዓመቱ በፎርም 720 ነው የሚሞላው። ስፕሬይ ታንና ለብቻው ደረሰኝ ላይ የተጻፈ ሎሽን ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ ቤድና ሎሽን አንድ ላይ "ፓኬጅ" ብላችሁ በአንድ ዋጋ አትምቱ፣ ለያይታችሁ ጻፉ። ሎሽኑ ላይ የስቴቱ 6.875 ፐርሰንት ሴልስ ታክስ ግን አለ።

ሌላ ደሞ እዚህ ስቴት ከ2014 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ቤድ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፣ ወላጅ ቢፈርምም። የፕሮም (የሃይስኩል ዳንስ ግብዣ) ሰሞን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ "እኔ እናቷ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ" ብላ ሞገተችኝ። አይሆንም አልኳትና ስፕሬይ አሳየኋት፣ ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ሸፍነን ነው የምንረጨው፣ ዲኤችኤን ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) የፈቀደው ከላይ ለሚቀባ እንጂ ለሚተነፈስ አይደለም። በማግስቱ አራት ጓደኞቿ መጡ። እያንዳንዷ ቀለሙ ቶሎ እንዳይለቅ የሚቀባውን ገዝታ ሄደች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስፕሬዩን ሳስፋፋ ለብሩ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ኤጀንሲ በ2009 እነዚህን ቤዶች ሲጋራ ካለበት ምድብ ነው ያስገባቸው። እኔ አስራ አንድ ዓመት ነርሲንግ ሆም ሰርቼ በዚህ ብር ነው የገዛሁት፣ ቆዳቸው ተቆርጦ የተሰፉ ሽማግሌዎች አጥቤያለሁ። ጸጉሯ ቀይ፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሆነች ስትመጣ፣ ያቺ ተቃጥላ እንጂ ጠቁራ የማታውቀዋ፣ ቤድ አልሸጥላትም፣ ወደ ስፕሬይ ነው የምወስዳት። ባለቤቴ "ደንበኛ ታባርሪያለሽ" ይላል፣ እሱ ይበል።

አሁን ጁን ነው፣ ፈረንጁ ሁሉ ሐይቅ ዳር ወጥቷል፣ ትናንት ሙሉ ቀን አራት ሰው ነው የገባው። ለዚህ ሰሞን ዕቃው ጨርሶ እንዳይጠፋ ፓኬት ብቻ ነው ያዘዝኩት። ጓዳውን ባዶ አድርጌ የቀረውን ዕቃ ፊት ለፊት ኤሲው ስር አዙሬዋለሁ፣ አስሩ ቲንግል አሁንም ታችኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ያየኛል።